የአልዛይመር የደም ምርመራ፦ ለማን፣ መቼ፣ ለምን



እዚህ አሜሪካ ወላጆቻችንን ከአገር ቤት አምጥተን አብረን የምንኖር ብዙዎች ነን። ሐኪም በመሆኔ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ፣ በለቅሶ ቤት፣ በስልክም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «እናቴ መርሳት ጀምራለች። ለአልዛይመር የደም ምርመራ ወጥቷል አሉ። ላስመርምራት ወይ?» ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ወስጄ ልመልስ።

ምርመራው መውጣቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የምንለው፣ ፉጂሬቢዮ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ሉሚፐልስ የሚባል የደም ምርመራ ፈቀደ። አልዛይመርን ለመለየት በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የደም ምርመራ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ የሮሽ ኩባንያ ምርመራ ተከተለ፤ ይኸኛው የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ በሽታው አለመኖሩን ለማጣራት የሚያገለግል ነው።

እኔ ይህን ምርመራ በጣም ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ሆኖም ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ጥያቄውም ጠባብ ነው። «በዚህ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን ተከማችቷል ወይ?» የሚል ነው። «እናቴ ለምን ትረሳለች?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ደም የሚያሰጥ ቤተሰብ ይጎዳል። ጉዳቱን በዓይኔ ስላየሁት ነው ይህን ንግግር የምናገረው።

ነገሩ ከየት እንደተነሣ በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር ነበር። ስሟን እንድትጽፍ ሲጠይቃት ጀምራ መጨረስ ያቅታታል። በ1906 ስታርፍ አልዛይመር አንጎሏን አስመጥቶ በማይክሮስኮፕ አየው። በነርቭ ሴሎች መካከል ጠጣር ክምችት፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር የሚመስል ነገር አገኘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበው። ክምችቱ ዛሬ አሚሎይድ የምንለው ነው፤ የተተበተበው ክር ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን የሚሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ሰው አልዛይመር እንደነበረበት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞተ በኋላ፣ አንጎሉ ተከፍቶ ሲታይ ነበር። በሕይወት ሳለ ሐኪሙ የሚያደርገው በምልክቱ መገመት ነው። ኋላ ላይ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው በወገብ አጥንቶች መካከል መርፌ አስገብቶ የአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ፔት ስካን ነው፤ አሚሎይድ ላይ የሚጣበቅ፣ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ አንጎል ፎቶ ይነሣል። ለዚህ የሚያገለግለውን ንጥረ ነገር የሠሩት በፒትስበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን ኡፕሳላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ሁለቱም መንገዶች ዛሬም አስተማማኝ ናቸው። ነገር ግን የወገብ መርፌን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ፔት ስካን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ መሣሪያውም በየከተማው የለም።

ታዲያ ደም ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን እስካሁን ዘገየ? አንጎል ከደም የሚለየው ጥብቅ አጥር አለው። ከውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ ደም የሚያመልጠው እጅግ በትንሹ ነው። በደም ምርመራው የሚፈለገው ዋናው ፕሮቲን ፒታው 217 ይባላል፤ 217ኛው ቦታው ላይ ፎስፌት የተለጠፈበት ታው ማለት ነው። መጠኑን በዓይነ ኅሊናችሁ ለማየት፣ እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር የሚይዙ 100 ቦቴ መኪኖችን ውሃ ሞልታችሁ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ፈጭታችሁ ብትበትኑባቸው፣ በእያንዳንዱ ጠብታ የሚገኘው የጤፍ መጠን ከዚህ ፕሮቲን መጠን ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለ መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች የተገኙት ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ነርሷ ከክንድ ላይ ደም ትቀዳለች፤ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ገብቶ በፍጥነት ይሽከረከራል። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ፣ ፕላዝማ፣ ይቀራል። ይህ ፕላዝማ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቅንጣቶች ላይ ይፈስሳል። ቅንጣቶቹ ፒታው 217ን ብቻ እየለየ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ለብሰዋል። የተያዘው ተይዞ ሌላው በሙሉ ይታጠባል። ከዚያ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል፤ ይኸኛው ብርሃን የሚያወጣ ኬሚካል ሲያገኝ የሚሠራ ኤንዛይም ተሸክሟል። ኬሚካሉ ሲጨመር ብልጭታ ይወጣል፤ ማሽኑ የብርሃኑን ኃይል ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ሉሚፐልስ በዚሁ ዘዴ አሚሎይድ 42 የሚባለውንም ይለካል። አሚሎይድ አንጎል ውስጥ መከማቸት ሲጀምር እዚያው ተይዞ ስለሚቀር በደም ውስጥ ያለው አሚሎይድ 42 ይቀንሳል፤ ፒታው 217 ግን ይጨምራል። ፒታው 217 ለአሚሎይድ 42 ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው የሚታየው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ አሚሎይድ አለ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ የለም ይባላል። መሐል ላይ የሚወድቅም አለ፤ ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

ይህ ፕሮቲን እምነት የሚጣልበት መሆኑ የታወቀው በብዙ ሰዎች ትብብር ነው። ከሁሉም በላይ የምጠቅሰው በኮሎምቢያ በአንቲዮኪያ ተራሮች የሚኖረውን ሰፊ ቤተሰብ ነው። በዘር የሚወርድ አንድ የጂን ለውጥ አለባቸው፤ የወረሰው ሰው በ40ዎቹ ዕድሜ መርሳት ይጀምራል። ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሎፔራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪያርፍ ድረስ ከእነሱ አልተለየም። በ2020 በታተመ ጥናት የዚሁ ቤተሰብ ከ600 በላይ አባላት ደም ተለካ። ጂኑን የወረሱት ሰዎች ፒታው 217 ካልወረሱት መለየት የጀመረው በ25 ዓመታቸው ገደማ ነበር። የመርሳት ምልክት ከመታየቱ 20 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች፣ ለራሳቸው መድኃኒት ሳይኖራቸው፣ ደማቸውን ለሳይንስ ሰጥተዋል። ዛሬ እዚህ አገር የምናገኘው ምርመራ ከእነሱ ክንድ የተቀዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥናት ከስዊድን ነው፤ በ2024 የታተመ፣ የማስታወስ ችግር ይዟቸው ወደ ሐኪም የመጡ 1,213 ሰዎች የተሳተፉበት። የደም ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ሐኪሞቹ በተለመደው መንገድ፣ በምርመራ፣ በጥያቄና በሲቲ ስካን አይተው አልዛይመር ነው አይደለም ብለው እንዲፈርዱ ተደረገ። የቤተሰብ ሐኪሞቹ ፍርድ ትክክል የሆነው በ61 በመቶ ነው። የዘርፉ ልዩ ሐኪሞች በ73 በመቶ። የደም ምርመራው በ91 በመቶ ገደማ። ይህን ቁጥር ያነበብኩ ቀን ለእኛ ለሐኪሞች ከባድ ነበር። ስንት ሰው ባልያዘው በሽታ ስም ተጠርቶ፣ ስንቱስ የያዘው ሳይነገረው እንደኖረ ያሳያል።

አሁን ወደ ውጤቱ ትርጉም እንሂድ። ኤፍዲኤ ሉሚፐልስን የፈቀደው የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች የተወሰዱ 499 ናሙናዎችን አይቶ ነው። ውጤታቸው «አለ» ካለባቸው መካከል በ91.7 በመቶው በፔት ስካን ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ አሚሎይድ ተገኝቷል። «የለም» ካለባቸው መካከል 97.3 በመቶው በእርግጥም አልነበረባቸውም። ከ20 በመቶ በታች የሚሆኑት መሐል ላይ ወድቀዋል። መሐል ላይ የወደቀ ሰው ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ «በሽታው በግማሽ ይዞታል» ማለት አይደለም።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ምልክት ላለበት ሰው ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጤነኛ ሆነው «ለማንኛውም ልታይ» የሚሉ ሰዎች እየበዙ ስለሆነ ነው። በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ ምርመራ ካለባቸው መቶ ሰዎች 90ውን ያገኛል፣ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ደግሞ 90ውን በትክክል ነፃ ያወጣል እንበል። የመርሳት ክሊኒክ ከመጡ መቶ ሰዎች 60ው አሚሎይድ ካለባቸው ምርመራው 54ቱን ያገኛል፤ አሚሎይድ ከሌለባቸው 40 ሰዎች ደግሞ 4ቱን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። «አለ» ከተባሉት 58 ሰዎች 54ቱ እውነት ነው። አሁን ምንም ምልክት የሌላቸውን መቶ ጎልማሶች እንውሰድ፤ ከእነሱ 10ሩ ብቻ ቢኖርባቸው ምርመራው 9ኙን ያገኛል፤ ከ90ው ሌሎች ግን 9ኙን በስሕተት ይይዛል። «አለ» ከተባሉት ግማሹ ስሕተት ሆነ ማለት ነው። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የቀረቡለት ሰዎች ናቸው።

ከዚህም ሌላ አሚሎይድ ኖሮበት ምንም ሳይሆን የሚኖር ሰው አለ። የማስታወስ ችግር በሌላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ ገደማ፣ በ90 ዓመት 44 በመቶ ገደማ አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ አእምሯቸው ሳይነካ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ያልፋሉ። አንድን ጤነኛ የ60 ዓመት ሰው «ደምህ ላይ ተገኘ» ብሎ ማስጨነቅ፣ ዛሬ ባለን እውቀት፣ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ወደ ፊት የሚለወጥ ሊሆን ይችላል፤ ምልክት ሳይታይ መድኃኒት መስጠት ይጠቅም እንደሆነ የሚፈትሹ ጥናቶች በመካሄድ ላይ ናቸው።

ምልክት ሲኖርስ? ያኔም የአሚሎይድ ምርመራ መጀመሪያ የሚታዘዝ አይደለም። ሰው እንዲረሳ የሚያደርጉ፣ ሲታከሙ የሚሻሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይቅደሙ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት (ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ላይ ይታያል)፣ ድብርት፣ መጠጥ፣ የመስማት ችግር። ያልታከመ ቂጥኝና ኤችአይቪም አንጎል ይነካሉ። ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዛውንት ላይ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል፤ ሲቲ ስካን ያሳየዋል። እንቅልፍ እንዲያመጣላቸው ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛላቸው የአለርጂ መድኃኒት ብቻውን አዛውንትን ግራ ያጋባል። የእናታችሁን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም፣ በከረጢት ይዛችሁ ሐኪሟ ፊት አፍሱት።

ለሐኪሙ መናገር ያለባችሁ ሌላም አለ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፒታው 217ቱ በአንጎሉ ምክንያት ሳይሆን በኩላሊቱ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል። ከመጠን በላይ ወፍራም የሆነ ሰው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች ብቻ ወደሚመለከት ነገር ልግባ። የደም ምርመራው ለእኛ ከሌላው ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ቦታ ይመስለኛል።

አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ የ75 ዓመት እናት አሜሪካዊ ሐኪም ፊት ቀርበዋል እንበል። የልጅ ልጃቸው ታስተረጉማለች። «ዓመቱ ስንት ነው?» ይባላሉ። እሳቸው በእኛ አቆጣጠር ይመልሳሉ፤ ሐኪሙ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ ይመስለዋል። «ወሩስ?» ይላል፤ የኛን ወር ይጠራሉ፣ ልጅቷም እንግሊዝኛውን ታምታታለች። ቀጥሎ እርሳስ ይሰጣቸዋል፤ እርሳስ ይዘው የማያውቁ እጆች ናቸው። ሰዓት ሥለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠየቃሉ። ልጅቷ አዋቂ ሆና ወደ እኛ አቆጣጠር ብትለውጠው አምስት ሰዓት ከአሥር ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ሰዓት ቆጣሪውን 5 ላይ ያደርጉታል። ተሳሳቱ ተብሎ ይጻፋል። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩም ይጠየቃሉ፤ እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ሲሸጡ መልስ ሳይሳሳቱ የኖሩ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሰምተው አያውቁም።

ውጤቱ «ከባድ የመርሳት በሽታ» ተብሎ ይወጣል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ የተማሩ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆኑ አባት በሽታው ጀምሯቸው ሳለ በጨዋታቸው ሸፍነው ያልፋሉ፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ሦስት አራት ዓመት ያባክናል። ደም ግን ፊደል አይጠየቅም፤ የዘመን አቆጣጠርም አያሳስተውም። ለእኛ አዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ደሙ እኚያ እናት ቡና አፍልተው እሳቱን ማጥፋት ይረሱ እንደሆነ፣ የሚያውቁት መንገድ ይጠፋባቸው እንደሆነ፣ የልጃቸውን ስም ከእኅታቸው ስም ጋር ይለዋውጡ እንደሆነ አይናገርም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትሄዱ «ትረሳለች» ብቻ አትበሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ትሠራው የነበረ፣ አሁን ያቃታት ምን እንደሆነ ቆጥራችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ቤተሰብ ሳይሆን ሙያው የሆነ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ በዚህ አገር በሆስፒታል የማግኘት መብት አላችሁ፣ ያለ ክፍያ።

አሁን የምናገረው ቅር የሚያሰኛችሁ ቢኖርም እናገረዋለሁ። በእኛ ቤት ክፉ ዜና ለታማሚው አይነገርም። ልጆች ከሐኪሙ ጋር ተስማምተው፣ «ስኳርሽን ሊያዩልሽ ነው» ብለው፣ የአልዛይመሩን ብልቃጥ ከስኳሩ ጋር ያስቀዳሉ። ሐሳቡ ከፍቅር ነው፤ ይህን አልጠራጠርም። ቢሆንም ልክ አይደለም። እናታችሁ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ካለች አስባ መወሰን ትችላለች። ማወቅ ትፈልግ እንደሆነ፣ ቤቷን ለማን እንደምትተው፣ አገሯ ገብታ ማረፍ ትሻ እንደሆነ፣ መታመሟን ማን እንዲያውቅ እንደምትፈቅድ። እነዚህን በራሷ አፍ የምትናገርበት ጊዜ አጭር ነው። እኛ ደብቀን ስንቆይ ያልፋል። «አላውቅም፣ አልፈልግም» ካለች ደግሞ መብቷ ነው፤ ደሟ አይቀዳ። ከደሙ መቅዳት በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ «እናቴ፣ ውጤቱ ቢመጣ እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ?»

ውጤቱ «አለ» ብሎ ቢመጣ ምን ይደረጋል? አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ለካኔማብ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023፣ ዶናኔማብ በጁላይ 2024 ሙሉ ፈቃድ አገኙ። የለካኔማብ ጥናት 1,795 ሰዎች የተሳተፉበት ነው፤ በ18 ወራት ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ቀንሷል። አያድንም፤ ያዘገያል። አንጎል ላይ እብጠትና የደም መፍሰስ ሊያመጣ ስለሚችል በኤምአርአይ መከታተል ግድ ነው። የሚሰጠውም በሽታው ገና ሲጀምር ነው። ሐኪም ዘንድ ቶሎ መሄድ ያለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰውም በሽታው ስም ካገኘ በኋላ ይረዳል፤ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይስተካከላል፣ የመስሚያ መሣሪያ ይገዛለታል፣ ቤተሰቡም «ሆን ብላ ነው» ማለቱን ይተዋል።

ስለ አገር ቤት ሳልናገር አልወርድም። በዓለም ላይ የመርሳት በሽታ ካለባቸው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፔት ስካን በማይደረስበት ቦታ ደም ይደረስበታል። ናሙናው ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ ከተለየና ቅዝቃዜው ካልተቋረጠ ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል፤ አገራችን የኤችአይቪ ናሙናን በዚህ መንገድ ስታጓጉዝ ኖራለች።

አንድ ትልቅ ክፍተት ግን አለ። «አለ» እና «የለም» የሚለው ድንበር የተቆረጠው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ደም ላይ ነው። በሌላ ሕዝብ ላይ እንዳለ መውሰድ እንደማይገባ የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አለን። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያንን ያነጻጸረ ጥናት በ2001 ሲታተም፣ ዕድሜያቸው 65 ካለፈ ሰዎች በየዓመቱ በአልዛይመር የሚያዙት በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓውያን ላይ አደጋውን በብዙ እጥፍ የሚያሳድገው አፖኢ 4 የሚባለው ጂንም በዮሩባዎቹ ላይ ያን ያህል ጉልበት አልታየበትም። በኩላሊት በሽታ፣ በደም ግፊት፣ በኤችአይቪና በምግብ የተለየ ኑሮ ባለበት አገር ቁጥሩ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት የሚታወቀው እዚያው ያሉ ሰዎች ሲለኩ ነው።

እዚህ ያላችሁም ድርሻ አላችሁ። የአልዛይመር ጥናት የሚያካሂዱ ዩኒቨርሲቲዎች ጤነኛም ታማሚም በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፤ የእኛ ሰው ግን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። ስትጠየቁ ናሙናው ለምን እንደሚውልና ውጤቱ ይነገራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ መልሱ ካረካችሁ ተሳተፉ። ከመውጫው በር አጠገብ ስለ ጥናቶቹ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አስቀምጫለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።